አባባ «ትራስሚሲዮን» ሲሉ

ስሜ ትዕግሥት ነው። የምነግራችሁ ግን ትዕግሥቴ ስላለቀበት አንድ ቅዳሜ ነው። ስለ ቁጣ መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ጾም ጸሎቴን የማላስታጉል፣ ከሰው ጋር ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት ነኝ። ይህን ዝም ብዬ ባልፈው ግን ዝምታው ራሱ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ፋርማሲ እሠራለሁ። ሥራዬ ኪኒን መቁጠር፣ የመድኃኒቱን ስም ማንበብ፣ ያነበብኩትን ደግሞ ማንበብ ነው። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ መድኃኒቶች አሉና እኔ ያሳለፍኩት ጠርሙስ ሁለቴ ሳይነበብ አይወጣም። አለቃዬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «እሷን እያያችሁ ሥሩ» ትላለች። እኔም በሆዴ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በቃል ጉዳይ የሚያምነኝ ሰው አያፍርም ብዬ እኩራራ ነበር።

አባቴ አቶ ደምሴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሥር በጀርባቸው ተኝተው ነው፤ እስከ ዛሬም አልጋቸው ላይ በጎናቸው መተኛት አያውቁም። ሙያውን የተማሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ካደጉ የድሮ መካኒኮች ነው። ወንድሜ ያሬድ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ከአጎታችን ጋር ወደዚህ መጥቶ እዚሁ አደገ። ማውንቴን ቪው በኮምፒውተር ሥራ ተቀጥሮ ኦክላንድ ቤት ገዝቷል። እኔ አባባን አንቱ ስላቸው እሱ አንተ ይላቸዋል። ይህ ንቀት አይደለም፤ አማርኛው እዚያው አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ ስለቆመ ነው።

ባለፈው የካቲት አባባ ሽሮ ጥደው ረሱት። የጭሱ ደወል ጮኾ ጎረቤቱ በሙሉ በፒጃማ ውጭ ወጣ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ባቡሩን በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፍረው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግናቸው። ያሬድ ደነገጠ። እኔም አልዋሽም፣ ደነገጥኩ።

በዚያው ሰሞን ነው የመኪናው ነገር የመጣው።

ያሬድ ከልጅነቱ የሚመኛትን አሮጌ ሙስታንግ ገዝቷል፤ የስድሳዎቹ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባን ከፊት አስቀምጦ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ፍጥነቱ ሲጨምር መኪናዋ መንዘፍዘፍ ጀመረች። አባባ እጃቸውን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ካለው የወለል ጉብታ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና፣

«ትራስሚሲዮኑ ነው። ሌላ ቦታ እንዳትነኩ» አሉ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ ያሬድ።

«ትራንስሚሽኑ ነው አሉህ።»

በቃ። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰኞ ዕለት ያሬድ ስብሰባ ላይ ስለነበረ ኦክላንድ ላለው ጋራዥ የደወልኩት እኔ ነኝ። አሮጌ መኪኖችን ብቻ የሚሠራ ግሌን የሚባል ሰው ነው። ጠርቶ በሚሰማ እንግሊዝኛ «ትራንስሚሽኑ ነው» አልኩት። ግሌን አላመነታም። የመኪናዋን ማርሽ ቤት አውርዶ ባለ አምስት ማርሽ አዲስ ገጠመላት። ወንድሜም ድሮውንም አምስት ማርሽ ያምረው ስለነበር ደስ ብሎት ነዳት። መንዘፍዘፉ ግን ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

«አባባ፣ ትራንስሚሽኑን ቀየርነው፣ ባሰበት» ሲላቸው አባባ ሳይመልሱ ወርደው አስፋልቱ ላይ ተኙ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው! ከሥር አይተው፣ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡና፣

«የት ቀየራችሁት? ያው የድሮው ነው። የቀየሩት ካምቢዮውን ነው። ካምቢዮ ንኩ ያለ ማን ነው?»

«ትራንስሚሽን አላልክም?»

«ብያለሁ!»

«ታዲያ ቀየርነዋ!»

«አልቀየራችሁም እኮ ነው የምልህ!»

ያሬድ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ቲጂዬ፣ አየሽ አይደል? ሽሮው ይሁን፣ ባቡሩም ይሁን። ይሄ ግን አርባ ዓመት የሠራበት ሙያ ነው። እሱም ጠፋበት። ያለውን ይክዳል።»

እኔ ካምቢዮ የሚለውን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሮ በአባባ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። በቤታችን የጋራዥ ወሬ ለሴት ልጅ ጆሮ አይደለም ይባል ነበርና ሲያልፍብኝ ኖሯል። ያን ቀንም ሳልጠይቅ አለፍኩት። ኪኒን ሁለቴ የማነብ ሴት የአባቴን ቃል አንዴ እንኳ አላነበብኩትም።

ከዚያ በኋላ ያሬድ ኤል ሴሪቶ ውስጥ የአእምሮ መድከም ያለባቸው አረጋውያን የሚቀመጡበት ቤት አገኘ። አንድ ክፍል ያዙልን። ፎርሙ ላይ ሁለታችንም ልጆቻቸው መፈረም ነበረብን። «መጀመሪያ ቦታውን ልየው፣ ከዚያ እፈርማለሁ» አልኩ። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ አፖይንትመንት ተያዘ። ለአባባ የነገርናቸው ሽርሽር ነው ብለን ነው። ይህንንም ውሸት የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ያሬድ አማርኛው ስላልመጣለት።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ነው።

ያሬድ አባባ ደስ እንዲላቸው ብሎ ሙስታንጓን ይዞ ጠዋት መጣ። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ፎርሙና የአባባ የመድኃኒት ዝርዝር ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ከሳን ሆዜ ወጥተን በስምንት ሰማንያ ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ስንገሰግስ ወንበሩ ከሥሬ ይንዘረዘር ጀመር። መጀመሪያ እንደ ስልክ ንዝረት ነበር። ቆይቶ የመስኮቱ መስታወት ሳይቀር ይንጫጫ ጀመር።

አባባ እጃቸውን እዚያው ጉብታ ላይ አሳረፉ።

«ብቻህን ስትነዳት እንዲህ ታደርግሃለች?»

«ትንሽ ቀለል ይላል» አለ ያሬድ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«ሰው ስትጭን ባሰባት ማለት ነው። ማርሹን ንቀለው እስቲ።»

«አባባ፣ ፍሪዌይ ላይ ነን።»

«ንቀለውና በራሷ ትንከባለል። የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ንዝረቱ አብሮ ከወረደ ሞተሩ ነው። ካልወረደ...»

ያሬድ እሳቸውን ዝም ለማሰኘት ብሎ ማርሹን ነቀለው። የሞተሩ ጩኸት ወረደ። ንዝረቱ ግን ያው ነው፤ ልክ እንደ ፍጥነታችን።

«አላልኩም?» አሉ አባባ። ወዲያው መንገዱ ላይ አንድ ስንጥቅ ስናልፍ ከሥራችን ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ እንደ መዶሻ። አባባ ተስተካክለው ተቀመጡ። «አቁም።»

«አባባ፣ ሪላክስ አድርግ።»

«አቁም ነው የምልህ! ይሄ ከሥራችን የሚሽከረከረው ዘንግ ሲበጠስ ፊቱ አስፋልት ወግቶ መኪናውን ይገለብጠዋል። አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አቁም!»

በሩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ያሬድ በመስታወቱ አየኝና አባታችን አጠገቡ ተቀምጠው፣ ስለ እሳቸው፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፦ «ይሄው፣ የኤል ሴሪቶዎቹ እንደ ነገሩን ነው። መረበሽ ጀመረ። እዚያ ስንደርስ ንገሪያቸው፤ ማስታገሻ ይሰጡት ይሆናል።»

ማስታገሻ። የምሠራበት ነገር ነው። ማስታገሻ ምን እንደሚያደርግ ከያሬድ በላይ አውቃለሁ። አባባ የተናገሩት አንድ በአንድ ትርጉም ነበረው፤ ጠይቀዋል፣ ፈትነዋል፣ ውጤቱን አይተው ፈርደዋል። እኛ ግን ሰው እውነት ስለተናገረ ልናስተኛው ነው። የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም።

«አቁመው!»

«ቲጂ...»

«ቲጂ አትበለኝ! ትዕግሥት ነኝ፤ ታላቅህ ነኝ፤ አቁመው ብያለሁ!»

«ስምሽን አታሰድቢዋ» አለ፤ ሊቀልድ ሞክሮ። ግን ወጣ። ኦክላንድ ከገባን በኋላ ያለውን መውጫ ይዞ አንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ካለው ሰፊ መኪና ማቆሚያ ገባን።

መኪና ለማዘግየት አስፋልቱ ላይ ጉብታ ተሠርቷል። አባባ በጣታቸው አሳዩት። «በዚያ ላይ እለፍ። ቀስ ብለህ።» አለፈ። ጓ! «አሁን አንቺ ውረጂ፣ ትዕግሥት።»

ወረድኩ። ያሬድ ዞሮ በዚያው ጉብታ ላይ አለፈ። ምንም ድምፅ የለም። «ተመለሺ፣ ግቢ።» ገባሁ። ጓ!

«አየህ? እሷ ስትገባ ይመታል» አሉ አባባ።

«እና ጥፋቱ የቲጂ ክብደት ነው?» አለ ያሬድ። «ዓመቱን ሙሉ ጾማም አልቀነሰች!»

አባባ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ይተኛል። ባሌስትራው ሲተኛ ዘንጉ ወደ ፊት ይገፋል። መግቢያ ካጣ ይመታል። ረዝሟል፤ ልኩን ስተውታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጋራዡ የት ነው?» አሉኝ።

ቅርብ ነበር። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። ያሬድ ሰዓቱን አየ። «ኤል ሴሪቶ እንዘገያለን።»

«እንዘግይ» አልኩት።

ግሌን ስልሳ የሚጠጋ፣ ጢሙ የተበጠረ፣ የሚያምር ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ሽልማቶቹን ሰቅሏል። አባባን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን እንደ ሕፃን ቸብ ቸብ አደረጋቸውና ጮኾ፣ ቃሉን እየቆራረጠ፣ «ሃይ! ፓፓ! እንዴት! ነህ!» አለ።

«ደንቆሮ ነው እንዴ ሰውዬው?» አሉኝ አባባ። «ለምን ይጮኻል?»

ነገሩን አስረዳሁት። ግሌን ፈገግታው ሳይጠፋ «ማሬ፣ ያን ዘንግ ራሴ ለክቼ ነው ያስቆረጥኩት። አዲሱ ማርሽ ቤት ከድሮው ይረዝማል፤ ስለዚህ ዘንጉ ማጠር ነበረበት። ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። ግን ፓፓ ደስ እንዲለው እናሳየው» አለ። ፓፓ ደስ እንዲለው!

መኪናዋን በሁለት ምሰሶ መካከል ወገቧን ይዞ በሚያነሣው ሊፍት ላይ ሰቀላት። አራቱም ጎማዎች ተንጠለጠሉ። አባባ ሥሯ ገቡ። ከፊት ካለው ከአንድ ትልቅ ብረት ሳጥን ተነሥቶ እስከ ኋላ ጎማዎች የሚደርስ ረጅም ዘንግ ነበር። አባባ ዘንጉን በመዳፋቸው እንደ በሬ ጀርባ ዳበስ አደረጉትና፣

«ይሄውላችሁ። ትራስሚሲዮን።»

ጣታቸውን አየሁ። ጣታቸው ሳጥኑ ላይ አይደለም።

«አባባ፣ ይሄ... ይሄ የያዙት ምንድን ነው?»

«ትራስሚሲዮን ነዋ።»

«ይሄኛውስ? ሳጥኑ?»

«ካምቢዮ። ምን ሆነሻል?»

ለካ የእኛ የድሮ መካኒኮች ከጣሊያን በወረሱት ቋንቋ ትራስሚሲዮን የሚሉት ዘንጉን ነው! አሜሪካኖች ትራንስሚሽን የሚሉትን ማርሽ ቤት እነሱ ካምቢዮ ይሉታል። አባባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልሳቱም። ቃሉን በመንገድ ላይ የለወጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ዘንጉን ሲሉ እኔ ማርሽ ቤቱን አስወረድኩ። «አልቀየራችሁም» ሲሉን እውነታቸውን ነበር። እኛ ግን ይህንን እውነት ይዘን አእምሯቸው ሄዷል ብለን ልንፈርም ነበር።

«ያሬድ» አልኩ። ነገርኩት። አንድ ጊዜ ሳጥኑን፣ አንድ ጊዜ ዘንጉን አየ።

አባባ እኛን ትተው ሥራቸው ላይ ናቸው። ዘንጉ ካምቢዮው ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል የሚያብረቀርቅ ብረት ይታያል። ግሌን በእጁ አሳየ። «ተመልከቱ፤ ይሄ ሁሉ ክፍተት አለው። ርዝመቱ ልክ ነው።»

ተረጎምኩ። አሁን እያንዳንዱን ቃል ከነጣቱ ነው የምተረጉመው።

«ጠመኔ ስጪኝ» አሉ። ግሌን ሰጣቸው። የሚያብረቀርቀው ብረት ላይ መስመር አሰመሩ። «ጠይቂው። ልኩን ሲወስድ መኪናዋ እንዲህ ተሰቅላ ነበር?»

«አዎን፣ እዚሁ ሊፍት ላይ» አለ ግሌን፤ በኩራት።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተሰቀለ ሰው ቁመት አይለካም በይው። መኪና መንገድ ላይ የሚሄደው በእግሩ ቆሞ ነው። ያውርዳትና በዚያኛው ላይ ያቁማት።» በዚያኛው ያሉት ግሌን የጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክልበትን፣ መኪና በራሷ ጎማ የምትቆምበትን ሊፍት ነው።

ግሌን ሰዓቱን አየ፣ ያሬድን አየ። «ልጆች፣ ቅዳሜ ነው። ደግሞስ ትራንስሚሽን ነው ብላ የደወለችው እህትህ አይደለችም? ደንበኛ የጠየቀኝን ሠራሁ።»

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ቁጣ የመጣው። የመጀመሪያው ጩኸት ነበር፤ ይኼኛው ቀዝቃዛ ነው። «አዎን፣ ተሳስቼ ደውያለሁ» አልኩት። «ጥፋቴን አልክድም። አንተ ግን በስልክ የሰማኸውን ቃል ይዘህ ሆዷን ቀደድክ። አንድ ጊዜ ነድተህ አይተሃታል? ሕመምተኛ ሆዴን ቢል ሳይመረምር ቢላዋ የሚያነሣ ሐኪም አለ? እኔ በቀን ዘጠኝ ሰዓት የምቆምበት ቦታ ሐኪም የጻፈውን እንኳ አጠራጣሪ ከሆነ ደውለን እንጠይቃለን። እሳቸው ፓፓህ አይደሉም። አቶ ደምሴ ይባላሉ። መኪናዋን አውርዳት።»

አወረዳት።

በራሷ ጎማ ቁማ ከፍ ስትል አራታችንም ሥሯ ገባን። የጠመኔው መስመር የለም። የሚያብረቀርቀው ብረትም የለም። ሁሉም ካምቢዮው ውስጥ ገብቶ አልቋል። አባባ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። «አንድ ወረቀት አይገባም። ሰው ሲጨመርበት የት ይግባ? ካምቢዮውን ይደበድባል እንጂ።» በመግቢያው ዙሪያ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሯል። ከዚያ ወደ ኋላኛው ጫፍ ሄደው ዘንጉን የምታያይዘውን መስቀለኛ ብረት፣ ክሮቼራ የሚሏትን፣ ያዝ አድርገው ወዲያና ወዲህ አዞሩት። ቀጭ ቀጭ አለ። ቀይ የዝገት ዱቄት እጃቸው ላይ ረገፈ።

«የመጀመሪያ ቀን የተናገርኩት ይቺን ነው። ዘንጉን ሲያሳጥሩ ይቺን አሮጌ መልሰው ገጠሟት።»

ግሌን ራሱ ያዛት። አዞራት። ደግሞ አዞራት። ጓንቱን አወለቀና ለያሬድ «ልክ ነው» አለው።

«ለእሱ አይደለም» አልኩት። «ለእሳቸው ንገራቸው።»

ግሌን ወደ አባባ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ፣ «ልክ ነዎት፣ ጌታዬ» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ አባባ። «መቼ ያስተካክለዋል በይው።»

መኪናዋን እዚያው ትተን ወጣን። ከጋራዡ በር አጠገብ አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። አባባ ተቀምጠው እጃቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር። ያሬድ ቆሞ ስልኩን ያያል። «ኡበር ብንጠራ ለሰባት ሰዓት እንደርሳለን» አለ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቲጂ፣ የመኪናው ነገር ሌላ ነው። እኔ ጨካኝ አይደለሁም። ድስት ጥዶ ቢተኛስ? አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ ቢቃጠልስ?»

እውነቱን ነው፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ግን ከእንግዲህ ወዲያ ስለ አባቴ አባቴ አጠገብ በሌላ ቋንቋ ላለመነጋገር ወሰንኩ። «አባባ፣ የምንሄደው ሽርሽር አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሽርሽር የሚሄድ ሰው የእኔን የመድኃኒት ዝርዝር አጥፎ ቦርሳው አይከትም። ወረቀቱን አምጪው።»

አወጣሁት።

«አንብቢልኝ። ቃል ሳትቀይሪ።»

ያሬድ «ቲጂ፣ ፕሊስ» አለ። አነበብኩ። ምክንያት በሚለው ሥር ወንድሜ በራሱ እጅ ሦስት ነገር ጽፏል። አንደኛ፣ ምግብ ጥዶ ረስቷል። ሁለተኛ፣ ባቡር ተሳስቶ ጠፍቷል። ሦስተኛ፣ የገዛ ሙያውን ቃላት ያምታታል፣ የተናገረውንም ይክዳል።

አባባ መሐረቡን አጠፉ።

«ሽሮውን ረስቻለሁ። ይጻፍ» አሉ። «ባቡሩንም ተሳስቻለሁ። ይጻፍ። ዕድሜ ነው፣ አልክድም። ሦስተኛውን ግን... ቃሉን ያምታታው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያው እዚያ ላይ ስምሽን ጻፊ።»

ቀልድ አልነበረም። ዓይናቸው ቀልቷል። አርባ ዓመት የለፉበትን ስም እየጠየቁኝ ነበር። ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁና በሦስተኛው መስመር ላይ በግልጽ የእንግሊዝኛ ፊደል «ይህ የአባቴ አይደለም፤ ቃሉን ያምታታሁት ልጃቸው ትዕግሥት ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

«ፎርሙን አበላሸሽው እኮ!» አለ ያሬድ።

«አዎን። አበላሸሁት።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው። የጻፍኩትን አነበበው፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። አግዳሚው ላይ ከአባባ ጎን ተቀመጠ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እንደ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሶሪ፣ አባባ» አለ። ከዚያ እየፈለገ፣ እየተንተባተበ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላቸው።

ኤል ሴሪቶ ሳንደርስ ቀረን። ሰኞ ያሬድ ደውሎ ክፍሉን ለቀቀው።

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ እንዲያምርላችሁ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አባባ አልዳኑም። እየረሱ ነው። ምድጃውን ራሱን በሚያጠፋ ቀየርነው፤ እኔ ሥራ ስሆን ማክሰኞና ሐሙስ ያሬድ ከቤታችን ሆኖ ይሠራል። አንድ ቀን እንደዚያ ያለ ቤት ያስፈልጋቸው ይሆናል። ያን ቀን ከመጣ በእውነተኛው ምክንያት፣ እሳቸው እየሰሙ፣ በቋንቋቸው ተነግሯቸው ይሄዳሉ። በእኔ የተሳሳተ ቃል ግን አይሄዱም። ዘንጉ በአባባ ዓይን ሥር፣ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ከኋላ ወንበር ላይ እኔና ያሬድ እንደ ሁለት ጆንያ ተቀምጠንባት እንደገና ተለካ። ከዚያ ወዲህ አልተንዘፈዘፈችም።

ለንስሐ አባቴ ተቆጥቼ እንደጮኽኩ ነገርኳቸው፤ አልጸጸተኝም ብዬም ጨመርኩ። «በማን ነው የተቆጣሽው?» አሉኝ። በመካኒኩ፣ በወንድሜ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ አልኳቸው። «በራስሽ ላይ ያለውን ብቻ ይዘሽ ቆዪ» አሉኝ። እየሞከርኩ ነው፤ የግሌን ነገር ግን ገና አልወጣልኝም።

በየሆስፒታሉ፣ በየቢሮው፣ በየጋራዡ ለእናት ለአባታችሁ የምታስተረጉሙ ሁሉ፣ ይህን ለእናንተ ነው የጻፍኩት። እንግሊዝኛችን ስለጠራ ብቻ የእነሱ አማርኛ የገባን ይመስለናል። አይገባንም። የኖሩበት ዓለም ቃል አለው፤ የዚያ ቃል ልጆች ሳንሆን ቃሉን ይዘን በስማቸው እንናገራለን። ከዚያ የተናገርነው ሲበላሽ እነሱ ናቸው የጃጁት። እኔ ያን እሑድ መኪናው ውስጥ «አባባ፣ ትራስሚሲዮን ምን ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የገባኝ መስሎኝ ሳልጠይቅ፣ አባቴን አሳልፌ ልሰጣቸው ነበር።